አየር ጭኖ የመጣ አማች

ሰው ያለ ጉዳይ አይጓዝም። እንዲህ ብዬ አምናለሁ፤ እምነቱንም ያገኘሁት ከሥራዬ ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር አልጋ አከራያለሁ። እንግዳ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ ጉዳዩን ከፊቱ ላይ አነብለታለሁ። ወደ ግሸን የሚወጣ ተሳላሚ ጫማውን አውልቆ እግሩን እያሸ ስለ ቀሪው ዳገት ይጠይቀኛል። ለቅሶ ደራሽ በዋጋ አይከራከርም። ሰርግ የተጠራ ከአልጋው በፊት መስታወቱን ያያል። ነጋዴ በሩን ይቆልፍና መቆለፉን ለማረጋገጥ ተመልሶ ይገፋዋል። ለስብሰባ የተላከ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ «እንደምን ዋላችሁ» ከማለቱ በፊት «ደረሰኝ አላችሁ?» ይላል። እነዚህን ሁሉ እወዳቸዋለሁ። ለምን እንደመጡ ያውቃሉ፣ እኔም አውቅላቸዋለሁ፣ ተከባብረን እናድራለን።

የሚያስቸግረኝ «ለመዝናናት ነው የመጣሁት» የሚለው ነው። እሱ ክፍሉ ሲገባ እኔ በረንዳው ላይ ወንበር አወጣለሁ። መዝናናት ምን ማለት ነው? ቤቱ ምን አደረገው? አትፍረዱብኝ። እናንተስ ብትሆኑ፣ ጎረቤታችሁ በተራ ማክሰኞ፣ የሞተ ሳይኖር፣ የተዳረ ሳይኖር፣ የታመመ ዘመድ ሳይኖር፣ ባለ ጎማ ሻንጣ እየጎተተ ሲወጣ ብታዩ «በሰላም ያግባህ» ብላችሁ ዝም ትላላችሁ? አትሉም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋችሁ ባጃጁ በየት በኩል እንደታጠፈ ታያላችሁ።

እንግዲህ እኔ እንዲህ የማምነው ሰውዬ የወለድኳት ልጅ፣ የበኩር ልጄ ሐያት፣ አዲስ አበባ ሄዳ የያዘችው ሥራ ሰውን ያለ ጉዳይ ማጓጓዝ ነው።

አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረች። ሥራዋን እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። ገንዘብም ጊዜም የተረፋቸው ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያ ታንዛንያ ሜዳ ላይ ይወሰዱና ጣሪያው በተከፈተ መኪና ላይ ቆመው አንበሳ ያያሉ። አንበሳው ብዙውን ጊዜ ተኝቷል፤ የቆሙት እነሱ ናቸው። ከዚያ የሜዳውን አቧራ ከጆሯቸው ሳያወጡ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ዛንዚባር ይሻገሩና፣ አየር የተሞላ ሲሊንደር ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ ባሕር ሥር ገብተው ዓሣ ያያሉ። በአንድ ጉዞ ሳፋሪም ባሕርም ማለት ነው። ሁለቱን የምታጣምርላቸው ሐያት ናት።

«ዓሣውን አጥምደው ነው የሚያዩት?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አይ አባ፣ እዚያው ቤቱ ሄደው ነው።»

እንግዲህ ዓሣም ሳይጠራ እንግዳ ይመጣበታል። አዘንኩለት።

በአንድ አርብ ከጁምዓ ተመልሼ ቤት ስገባ ባለቤቴ ሐሊማ ስልኳን መሶቡ ላይ አስቀምጣ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ፊቷ ላይ ደስታ አለ፤ ግን የተሸፈነ ደስታ ነው። የተሸፈነ ነገር ደግሞ ሁሌም ያሳስበኛል።

«ሐያት ሰው አግኝታለች» አለችኝ።

«የየት አገር ሰው?»

«ያሲን ይባላል። አባቱ የባቲ ሰው ነው። እሱ ጅቡቲ ተወልዶ አድጎ አሁን ዛንዚባር ነው የሚሠራው።»

ባቲ ስትል ተንፈስ አልኩ። ጅቡቲ ስትል ትንፋሼን መልሼ ያዝኩ። ዛንዚባር ስትል ወንበር ፈለግኩ።

«ሥራውስ?»

«ሰው ባሕር ውስጥ ያስገባል።»

«ከዚያስ?»

«ያወጣል።»

«ይኸው ነው?»

«ያስገባውን ሁሉ ካወጣ ምን ይጎድለዋል ታዲያ?» አለችኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምንም አልነበረም፤ ተጠራጥሬ፣ ጠይቄ፣ አጣርቼ አንድ ቦታ ላይ እደርስ ነበር። ሆኖም ሐያት ራሷ ደወለችና ዕቅዳቸውን ነገረችኝ። ፈረንጅ አንበሳና ባሕር ለማየት ያን ያህል አገር ካቋረጠ የእኛስ ምን ጎደለው? አምባሰል ገደል ላይ ጭላዳ አለ፣ ገደል ለገደል የሚዘል ሰስ አለ፣ ክንፉን ዘርግቶ የሚያንዣብብ አሞራ አለ። ዝቅ ሲባል ደግሞ ሐይቃችን አለ። አንድ ቀን ተራራ፣ በማግሥቱ ውሃ። እሷና ያሲን ተጋብተው እዚሁ ሊኖሩ፣ እንግዶቻቸውን ደግሞ ሐይቁ ዳር ባለችው በእኔ መሬት ላይ ሊያሳርፉ አስበዋል።

እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ።

ያቺን መሬት ብታዩዋት ትረዱኛላችሁ። ከአባቴ የወረስኳት ናት፤ ማንጎ አለባት፣ ቡና አለባት፣ ዘይቱን አለባት፣ ከታች ውሃው እግሯን ያጥባታል። ስንቱ ባለሀብት መኪናውን አቁሞ ምራቁን ውጦባታል። አንዱ እንዲያውም «አባቴ፣ ለአገር ልማት ነው» ብሎኝ ነበር፤ የማን አገር እንደሆነ ስጠይቀው ሄደ። አሁን ደግሞ አንድ አይቼው የማላውቀው ልጅ ከዛንዚባር ተነስቶ በልጄ በኩል መጣ። ልቤ አንድ ጥያቄ ያዘና አልለቅ አለ። ይህ ልጅ የሚፈልገው ሐያትን ነው ወይስ የሐይቁን ዳር?

ጥያቄዬን ይዤ ወደ ደምሴ ሄድኩ። ደምሴ ጀልባ ያለው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ መሬታችን ይዋሰናል፣ በዒድ እሱ እኔ ቤት፣ በጥምቀት እኔ እሱ ቤት ነን። ከእኔ የባሰ ተጠራጣሪ ስለሆነ ከሱ ጋር ባወራሁ ቁጥር የዋህ ሰው እንደሆንኩ ይሰማኛል።

«አያ ሰይድ፣ መሬቱን ተወው» አለኝ መረቡን እየጠገነ። «መሬት የፈለገ ሰው መሬት ላይ ነው የሚሠራ። ይሄ ልጅ ሐይቁ ሥር የሚፈልገው ነገር አለ።»

«ምን?»

«እሱን ባውቅማ እኔ አላወጣውም ነበር?»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጆቹ መጡ። ሐያት ጅቡቲ ድረስ ሄዳ ከያሲን ጋር የመጥለቂያ ዕቃውን አስጭነው፣ በሚሌ በባቲ አድርገው ሲመጡ ኬላ ላይ ተያዙ። «አባ፣ ቶሎ ድረስልን» ብላ ደወለች። ሚኒባስ ተሳፍሬ ስደርስ፣ ሁለት ሕፃን የሚያካክሉ ብረቶች መሬት ላይ ተጋድመዋል፤ ፈታሾቹ ዙሪያቸውን ከበዋል፤ አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀሐይና ጨው ጠጉሩን ያቀላው ወጣት በትዕግሥት ቆሟል። ሐያት ከጎኑ ጥፍሯን ትነክሳለች።

«ውስጡ ምንድን ነው?» ይላል ፈታሹ። ስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ከድምፁ ያስታውቃል።

«አየር» ይላል ወጣቱ።

«ለበሽተኛ የሚሰጠው ነው?»

«አይደለም፤ ይኸው ሁላችን የምንተነፍሰው ነው።»

«ከጅቡቲ?»

«አዎ።»

«ሐይቅ አየር ጠፍቶ ነው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈታሹን ወደድኩት። እኔ በልቤ ሳመላልሰው የከረምኩትን በአንድ አፍታ ጠየቀልኝ። ያሲን ሌላ ማስረጃ ሲያጣ ጎንበስ ብሎ የአንዱን ሲሊንደር መዝጊያ ትንሽ ዞር አደረገው። «ፊሽሽ!» ሲል እኔን ጨምሮ ሁላችንም ወደ ኋላ ዘለልን። ከዚያ ፈታሹ ቀስ ብሎ ቀረበ፣ አፍንጫውን አስጠጋ፣ አሸተተ፣ ፊቱን አጨማደደ። ምንም አይሸትም። ሰው ምንም የማይሸት ነገር እንደዚህ ሲያሳዝነው አይቼ አላውቅም።

ዞር አለና «አባቴ፣ ይህን ልጅ ያውቁታል?» አለኝ።

አያችሁ እንግዲህ። በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ፣ ሌት ተቀን የምጠረጥረው ሰው ፊቴ ቆሟል። «አላውቀውም» ብል እውነት ነው፤ ዕቃውም ይቀራል፣ ሰውዬውም ይመለሳል፣ መሬቴም በሰላም ታድራለች። ሐያትን አየኋት። ጥፍሯን መንከስ ትታ ዓይኔን ዓይኔን ታያለች።

«አውቀዋለሁ» አልኩ። «የባቲ ሰው ልጅ ነው። የቤቴ እንግዳ ነው።»

የምጠረጥረውን ሰው ዋስ ሆንኩት፤ ዕቃውም ተለቀቀ። ዕቃውን በጫነው መኪና ውስጥ ዞር ብሎ «አላህ ይስጥልኝ፣ አባ» ሲለኝ ደግሞ ጥርጣሬዬ እንደገና ተቀሰቀሰ። በመጀመሪያው ቀን «አባ»? ምን አስቸኮለው?

ያሲን ተራራው ይቅደም አለ። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ ውሃ ውስጥ ከጠለቁ በኋላ ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት እንደማይፈቀድ፣ ሰውነት ውስጥ የገባው አየር እንደ ለስላሳ መጠጥ አረፋ እንደሚያወጣና ሰው እንደሚጎዳ ነገረኝ። አንበሳና ባሕር አጣምሮ ለሚሄድ ሁሉ ደንቡ ይህ ነው አለኝ። ለደምሴ ስነግረው ሳቀ።

«ተራራውን የሚያስቀድመው ሊያደክምህ ነው። በማግሥቱ አንተ ማንጎህ ሥር ስታንቀላፋ እሱ የሚፈልገውን ይፈልጋል።»

ስለዚህ ላለማንቀላፋት ወስኜ አብሬያቸው ወጣሁ። በእርግጥ ያላገቡ ልጆችን ብቻቸውን ገደል ለገደል መልቀቅም አይገባም። በውጫሌ በኩል በመኪና ሄደን ከዚያ በእግር ወደ አምባሰል ዳገት ተያያዝነው። ገና ግማሽ ሳንደርስ የባሕሩ ሰው ትንፋሽ አጠረው። ሥራው ትንፋሽ የሆነ ሰው እየቆመ ሲያለከልክ፣ እኔ ሽማግሌው ከላይ ሆኜ «አብሽር!» እያልኩ ስጠብቀው፣ ያ ደስታ ዛሬም ድረስ ከልቤ አልወጣም።

ጭላዳዎቹ አፋፉ ላይ ነበሩ፤ ወንዶቹ ጎፈሬያቸውን ነፋስ እያበጠረው፣ ሴቶቹ ሣር እየነጩ። ያሲን በደረቱ ተኝቶ፣ ጉንጩን እጁ ላይ ደግፎ፣ አንድ ግልገል እናቱ ጀርባ ላይ እየወጣ ሲወድቅ ያያል። እኛን ረስቶናል። ከታች ገብሱን የሚጠብቅ ገበሬ ወንጭፉን ይዞ መጣና ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ጉዳያችንን ጠየቀ።

«ጭላዳዎቹን ልናይ ነው» አለችው ሐያት።

«እነዚህን?»

«አዎ።»

«አይታችሁስ?»

«እንሄዳለን።»

ገበሬው ወንጭፉን ትከሻው ላይ ጣለ። «ምነው ይዛችኋቸው ብትሄዱ?» አለ።

ሐያትና ገበሬው ሲሳሳቁ እኔ ቀስ ብዬ ያሲን አጠገብ ተቀመጥኩና ወጥመዴን ዘረጋሁ። «ያቺን የሐይቁን ዳር መሬቴን እንግዲህ ለሐያት ላወርሳት አስባለሁ» አልኩ፣ ወደ ገደሉ እያየሁ፤ ሆኖም ባንድ ዓይኔ ፊቱን እያጠናሁ። መልካም ሰው ቢሆን «ኧረ አባ፣ ዕድሜ ይስጥዎት» ይላል። ስግብግብ ከሆነ ደግሞ ደስታው ያጋልጠዋል።

ያሲን ቀና አለ። «ዳሩ ጭቃ ነው ወይስ ድንጋይ?» አለኝ።

ያዝኩህ! አልኩ በልቤ። ዕድሜ አልተመኘልኝ፣ አላመሰገነኝ፤ የመሬቷን ጠባይ ነው የሚያጠና። ቁልቁለቱን ቀድሜያቸው ወረድኩ። ለሐሊማ ነገርኳት።

«ጠየቀ እንጂ ወሰደ?» አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።

በማግሥቱ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ከተማው ተሰብስቧል። ማን እንደነገረው እንጃ። (ደምሴ ነው የነገረው።) አንዱ የሰመጠ ወርቅ አለ ይላል፣ ሌላው ከዚህ ተቆፍሮ ቀይ ባሕር ድረስ የሚያደርስ መንገድ አለ ይላል፣ አንዲት ሴት ደግሞ ዓሣዎቻችንን ቆጥረው ሊወስዱ ነው ትላለች። ያሲን ጥቁር የላስቲክ ልብስ ለበሰ፣ የዳክዬ እግር የመሰለ ጫማ አጠለቀ። ጥሩ፤ ይግባ። ዞር ስል ግን ሐያትም ያንኑ ለብሳ ብረቱን አዝላለች።

«አንቺ ወዴት ነሽ?»

«አባ፣ ብቻ አይገባም። ሁሌም ሁለት ሆኖ ነው።»

«ማን አስተማረሽ?»

መልስ አያስፈልገውም ነበር፤ አስተማሪው አጠገቧ ቆሟል። ወደ ሐሊማ ዞሬ «ታያለሽ?» አልኳት።

«ምኑን ልየው?» አለችኝ። «ከፊቷ በቀር የሚታይ ነገር አላት? አንተ ስትፈልገው የነበረ ልብስ ነው።»

በደምሴ ጀልባ ወደ መሀል ወሰድናቸው። ከመግባታቸው በፊት ያደረጉትን በደንብ አየሁ። እሱ የእሷን ሰዓት የመሰለ የአየር መለኪያ አየ፣ እሷ የእሱን አየች፤ እሱ የእሷን ማሰሪያ ሳብ ሳብ አደረገ፣ እሷም የእሱን። አይቀልዱም፣ አይሳሳቁም። ከዚያ ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው ተገለበጡ። ልጄ በጀርባዋ ሐይቅ ውስጥ ወደቀች፣ ውሃውም ተከደነባት።

ቀሩልን የምንላቸው አረፋዎች ብቻ ነበሩ። ሁለት የአረፋ መስመር እየተከታተለ ወደ ሸምበቆው ይሄዳል። ደምሴ መጀመሪያ ወርቁ የት ጋ እንደሆነ ለመያዝ አረፋውን በጣቱ እየተከተለ ነበር። ከዚያ ነፋስ ተነሳ፤ የሐይቁ ፊት ተጨማደደ፤ አረፋውና ማዕበሉ ተደባለቀብን።

«ጠፋኝ» አለ ደምሴ።

«ምኑ?»

«አረፋው።»

ጀልባዋ ላይ ቆምኩ። ተቀመጥኩ። እንደገና ቆምኩ። ያን ጊዜ መሬት የለ፣ ማንጎ የለ፣ ዛንዚባር የለ፤ እኔ የማውቀው ልጄ እዚህ ውሃ ሥር እንዳለች ብቻ ነው። «ያረቢ» እላለሁ፤ ደምሴ ከጎኔ «እስጢፋኖስ አደራህን» ይላል። ወርቁን ሁሉ ረስቶ ኮቱን አውልቋል፣ ሊገባ። ዋና የሚችለው ግን ትንሽ ነው፤ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ሸምበቆው ሥር ሁለት ራስ ብቅ አለ። ሐያት አናቷ ላይ የውሃ ሣር ተጠምጥሞ ትስቃለች። ያሲን አይስቅም። እጇን ይዟል።

ዳር ስንደርስ ሕዝቡ ከበበን። «ምን አገኛችሁ?»

«ምንም» አለ ያሲን።

እናንተው ፍረዱ፤ በእኛ አገር «ምንም» ብሎ የሚያምነው ሰው ያገኘ አለ? ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። አገኘ ማለት ነው።

ሰው ሲበተን ያሲን ከማንጎው ሥር አጠገቤ ተቀመጠ። ውሃው ገና ከጠጉሩ ይንጠባጠባል። «አባ፣ አይሆንም» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሐይቁ። ለጀልባ፣ ለወፍ ማያ፣ ዳሩ ላይ ለመቀመጥ እንደዚህ ያለ ቦታ አላየሁም። ለመጥለቅ ግን አይሆንም። ከላይ ብርሃን ነው፤ ትንሽ ዝቅ ሲሉ አረንጓዴ ጉም ነው፤ ከዚያ ጨለማ። ወለሉ ጭቃ ነው፤ እግር ሲነካው ይነሳል፣ ከተነሳ አይተኛም። ድንጋይ ቢሆን ተስፋ ነበረው። የሐያትን እጅ ይዤ ሐያትን አላየኋትም። አንድ ዓሣ፣ አምባዛ ሳይሆን አይቀርም፣ ግንባሬን መትቶኝ አለፈ፤ እሱንም አላየሁትም።»

«ታዲያ እንግዶቹስ?»

«ሰው ከባሕር ማዶ አምጥቼ እዚህ ባስገባ አታለልኩት ማለት ነው። ከማታለልም ይብሳል፤ አንድ ቀን ሰው ይጠፋብኛል።»

መደሰት ነበረብኝ። መሬቴ ተረፈች። እኔ ግን ተናደድኩ። ሐይቃችንን ናቀው!

«ክረምቱ ገና ስለወጣ ነው የደፈረሰው» አልኩ። «በጥር ብታየው እንደ ኩል የጠራ ነው።»

«ኩል!» አለ ደምሴ ከኋላችን። መቼ እንደመጣ አላየሁትም። «በወዲያኛው በኩል ደግሞ ድንጋይ አለ። እኔ ነኝ የምነግርህ።»

ትናንት ወርቅ ሊሰርቅ ነው ያልነውን ልጅ ሁለት ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ይዘን ሐይቅ እንሸጥለት ጀመር። ያሲን አላሳፈረንም። በቀረው አየር በማግሥቱ ደምሴ ባሳየው ቦታ እንደገና ገባ፤ ሐያትም ተከተለችው። ሲወጣ ከሩቅ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት።

ቤት ገብቼ ፊቴን አጥቁሬ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆንክ?» አለች ሐሊማ።

«ሐይቃችን አይረባም አለ።»

«እሰይ! መሬትህ ተረፈችልህ።»

እሷ የቡና ፍሬ የምትለቅምበትን ሰፌድ ወዲያ አስቀመጠችና አጠገቤ ተቀመጠች። «ሰይድ፣ ሐይቁ ቢሆን ኖሮ ሐያት የት ትኖር ነበር?» አለችኝ። «አሁንስ የት የምትኖር ይመስልሃል?»

እንደ ልጅ አፌን ከፍቼ አየኋት። ይህን ሁሉ ጊዜ በር በር ስጠብቅ፣ መሬቴን የሚወስድብኝን ሌባ ስፈልግ፣ ያቺ መሬት ለካ ልጄን አጠገቤ የምታስቀምጥልኝ ገመድ ነበረች። ውሃው የጠራ እንዲሆን ዱዓ ማድረግ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሐሊማ ይህን ከመጀመሪያው ስልክ ጀምሮ ታውቅ ነበር። ለዚህ ነው ደስታዋን ሸፍና ይዛ የቆየችው።

ሽማግሌዎች በእሑድ መጡ፤ የያሲን አጎት ከባቲ፣ ከሐይቅም የከበሩ ሰዎች። ምንጣፍ ተነጥፎ ዱዓ ተደርጎ ነገሩ ተነሳ። እኔ ጊዜ ስጡኝ ብዬ ወጣሁ። ደምሴ ተከትሎኝ ወጣ።

«አያ ሰይድ፣ ቢዋሽ ኖሮ ምን እንደሚፈልግ እናውቅ ነበር» አለኝ በሹክሹክታ። «እውነቱን የተናገረው ለምንድን ነው? እንግዲህ መጠርጠር እዚህ ላይ ነው።»

ተገቢ ጥያቄ ነው። ያሲንን ከግቢው በር አጠገብ አስጠራሁት።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አልኩት። «ሐይቁ ጥሩ ነው ብትለኝ መሬቱን እሰጥህ ነበር። ጥሩ አለመሆኑን ደግሞ ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ለምን ነገርከኝ?»

ጥያቄው የገረመው መሰለ። «ሐያትም ታውቃለች» አለ መጀመሪያ። ከዚያ እንዲህ አለኝ። «አባ፣ ውሃ ሥር ሳለን እሷ ምን ያህል አየር ቀረህ ብላ በእጇ ትጠይቀኛለች። ጀግና ለመምሰል ብዬ ጨምሬ ብነግራት ሁለታችንም አንወጣም። ይህን እያደረግኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከውሃው ስወጣ ደግሞ ሌላ ሰው መሆን አልችልበትም።»

አየሁት። የማጭበርበር ምልክት ፈለግኩ፤ በሙያዬ እምላለሁ፣ አጥብቄ ፈለግኩ። ሻንጣውን ሳያወርድ የማነበው ዓይነት ፊት ነው። ጉዳዩ ሐያት ናት፤ ሌላ ጉዳይ የለውም።

አሁን ችግሬን ተመልከቱልኝ። ሌባ ቢሆን «አልሰጥም» ብዬ ልጄን ባስቀረሁ፣ አገር ሁሉ ባመሰገነኝ። ጨዋ ሆኖ ተገኘ። ጨዋ ሰው ደግሞ ምን ተብሎ ይመለሳል? ገባሁና ሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጥኩ። ሐሊማ ከጓዳው በር መጋረጃውን ይዛ ቆማለች። «ሰጥቻለሁ» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ሰበር ብሎ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ጨዋ ስለሆኑ አላዩትም። ደምሴ ግን ዓይኑን ሲጠርግ እኔ አየሁት፤ ጉንፋን ነው አለ።

ኒካሕ ታሰረ። ሰርጉን ሐይቁ ዳር ማንጎው ሥር አደረግነው። ከዚያ ሐያት ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። አሁን ዛንዚባር ናት፤ ሰው ከአንበሳው ወደ ዓሣው ታሻግራለች፣ ባሏ ያስገባል፣ ያወጣል። አርብ አርብ ትደውላለች። ከጀርባዋ የባሕሩ ድምፅ ይሰማል፤ ሐሊማ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትሰማዋለች፣ ከዚያ ለእኔ ታቀብለኛለች። ያሲንም ያናግረኛል፤ ባሕሩ ዛሬ ደፍርሶ ስለዋለ እንግዳ አላስገባንም ይለኛል። ለማን ብሎ ነው የሚነግረኝ? ማንም አልጠየቀው። እንዲሁ እውነት ስለሆነ ብቻ ይናገረዋል።

ስልኩን ስዘጋ ወጥቼ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። መንገደኛው ያልፋል፣ እኔ ያንን አማቼን አስባለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ይዋሻል ብዬ ስፈራው ከረምኩ። ትንሽ፣ አንዲት ጊዜ፣ ስለ ውሃው ብቻ ዋሽቶኝ ቢሆን ኖሮ ልጄ ዛሬ ጎረቤቴ ነበረች።